የሙቅ ውሃ ሻወርና የራሱ የሆነ የኤሌክትሪክ መስመር

አዲስ አበባ በሙቅ ውሃ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ መሆኗ የታወቀ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩበት በ1879 ዓ.ም. ሙቅ ውሃ የፈለገ ሰው ምንጩ ወዳለበት መሄድ ነበረበት። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው የከተማ ነዋሪ ወይ ወደ ፍልውሃ ይወርዳል፣ ወይ በየቤቱ ጉልቻ ላይ ጥዶ ያሞቃል እንጂ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ዛሬ ግን በመርካቶ ከሚገኙት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ፣ በብብት ሥር ሊያዝ የሚችል አንድ ሣጥን ገዝቶ የወጣ ሰው በዚያው ሳምንት ፍልውሃን ከመታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ሊያገኘው ይችላል። ውሃው ሲከፈት በዕቃው ሆድ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ሽቦ ይግላል፤ በላዩ የሚያልፈውም ውሃ እየሞቀ ይወርዳል። የሚጠራቀምበት ጋን የለው፣ እስኪሞቅም መጠበቅ የለም።

ዕቃው ተፈላጊ መሆኑን ማንም ባለሱቅ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የማይታሰበው በሣጥኑ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። በሣጥኑ ውስጥ ማሞቂያው፣ የውሃ መርጫው፣ ጥቂት ብሎንና የአጠቃቀም ወረቀት ይገኛሉ። ከብሬከር ሣጥኑ ተነሥቶ እስከ መታጠቢያ ክፍሉ የሚደርሰው ገመድ፣ ለገመዱ የሚመጥነው ብሬከር፣ የሰውን ሕይወት የሚጠብቀው ቆራጭና የመሬት ሽቦው ግን የሉም። እነዚህ ባልተሟሉበት ቤት ያ ሣጥን ግማሽ ዕቃ ነው።

በየሱቁ ባንኮኒ ላይ እንዲህ ያለ ንግግር ዘወትር ይሰማል። «ይኸን ለማስተከል ሌላ የምገዛው ነገር አለ?» ብሎ ገዥው ይጠይቃል። «ምንም የለ ጋሼ፤ ሰው ጠርተው ከልብስ ማጠቢያው ሶኬት ላይ ያስቀጥሉት» ሲል ባለሱቁ ይመልሳል። ሁለቱም በቅን ልቡና ተነጋግረዋል፤ ገዥው ተጨማሪ ወጪ ስላልመጣበት፣ ሻጩም ገበያው ስላልተጓተተ ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። መልሱ ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተትነቱንም ለማስረዳት አንድ ማካፈል ይበቃል።

በገበያችን በብዛት ከሚሸጡት የሻወር ማሞቂያዎች አንዱ ባለ 5,500 ዋት ነው። 5,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 25 አምፔር ይሆናል። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ከእንጀራ ምጣድ ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት፣ ማለት ከ16 እስከ 18 አምፔር ድረስ ይስባል። ይህም ሆኖ ምጣዱ ሶኬት አቅልጦ፣ ግድግዳ አጥቁሮ ያላየች የቤት እመቤት ጥቂት ናት። ሻወሩ ከምጣዱ ግማሽ ያህል ጨምሮ የሚስብ ነው፤ ያውም እርጥብ ክፍል ውስጥ፣ ባዶ እግሩን ከቆመ ሰው ራስ በላይ ተሰቅሎ።

በአንድ ተራ ቤት ለመብራት የሚዘረጋው ሽቦ ባለ 1.5፣ ለሶኬት የሚዘረጋውም ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር መሆኑ የተለመደ ነው። የሶኬቱ ብሬከር አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 20 አምፔር ነው። ባለ 5,500 ዋቱ ሻወር ከዚህ መስመር ላይ ሲቀጠል የሚሆነው እንዲህ ነው። ባለቤቱ ይገባል፣ ይከፍታል፣ ውሃው ይሞቃል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሰውየው ሳሙና ተቀብቶ ሳለ ብሬከሩ ይወድቃል። ይነሣል፤ እንደገና ይወድቃል። በማግሥቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው ተጠርቶ ይመጣና «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ በባለ 32 አምፔር ይለውጠዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻወሩ ያለ እንከን ይሠራል፤ ባለቤቱም ዕቃው እንደ ተስተካከለለት ያምናል። አደጋው የተጀመረው ግን ያን ዕለት ነው።

ብሬከር የሚጠብቀው ማሞቂያውን ወይም ሰውን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ሽቦው ሊሸከም የሚችለውን ያህል ብቻ አሳልፎ ከዚያ ሲበልጥ የሚቆርጠው በግድግዳ ውስጥ እሳት እንዳይነሣ ነው። ሽቦው ሳይለወጥ ብሬከሩ ብቻ ሲያድግ በመንገዱ ላይ ያለው ደካማ ነገር ሽቦው ራሱ ይሆናል። ከብሬከር ሣጥኑ እስከ መታጠቢያ ክፍሉ 20 ሜትር ነው ቢባል፣ ኤሌክትሪኩ በአንዱ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ መንገዱ 40 ሜትር ነው። 25 አምፔር በባለ 1.5 የመዳብ ሽቦ ይህን መንገድ ሲሄድ ወደ 300 ዋት የሚሆን ሙቀት በግድግዳው ውስጥ ይፈስሳል፤ በባለ 2.5 ወደ 185 ዋት፤ በባለ 6 ግን 77 ዋት ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሽቦው ገና ሳይግል ሲሰላ ነው፤ ሲግል ይጨምራል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ልባስ የሚችለው 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በላይ በየቀኑ የሚግል ልባስ አንድ ጊዜ አይቃጠልም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዓመታት በኋላም ዕቃውን የሸጠውን ሱቅ ማንም በማያስታውስበት ጊዜ ይነዳል።

ስለዚህ «የ20 ብሬከር እየወደቀብኝ ተቸገርሁ፤ የ40 ስጠኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ባለሱቁ ብሬከሩን ከመደርደሪያ ከማውረዱ በፊት «ሽቦው ባለ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው። ለባለ 5,500 ዋት ማሞቂያ የሚገባው ከብሬከር ሣጥኑ ተነሥቶ ለእርሱ ብቻ የሚሄድ፣ በመካከሉ ምንም ያልተቀጠለበት ባለ 6 የመዳብ ገመድና ባለ 32 አምፔር ብሬከር ነው። ባለ 7,500 ዋት የሆነው 34 አምፔር ስለሚስብ ባለ 10 ገመድና ባለ 40 ብሬከር ይሻል። በእንግሊዝ አገር፣ የክረምቱ ውሃ እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ ከ10,000 ዋት የሚበልጥ ሻወር በየቤቱ ይተከላል፤ ለእርሱም ባለ 10 ገመድ ለብቻው ተዘርግቶ ከጣራ በገመድ የሚሳብ ማብሪያ ማጥፊያ ይደረግለታል። ያንኑ ዕቃ ብቻውን አምጥቶ ገመዱን እዚያው መተው የሚያመጣው ነገር ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በአስመጪዎች ዘንድ እምብዛም የማይነሣ ነገር አለ። የቤት ውስጥ ብሬከሮች የሚሠሩበት ዓለም አቀፍ ደረጃ የተጻፈው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ የጋለ ነገር ቶሎ አይበርድም፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር በልኩ የሚሠራ ዕቃ በዚህ ከተማ ትንሽ ሞቅ ብሎ ይውላል። ልዩነቱ ብዙ ባይሆንም፣ አምራቹ ለከፍታ ቦታ የሚያዝዘውን ቅናሽ በጽሑፍ መጠየቅ ለአስመጪው ምንም አያስወጣውም፤ ለባለሱቁም ገመድ ሲያማርጥ ወደ ወፍራሙ የሚያደላበት ተጨማሪ ምክንያት ነው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ቤቱ ነው፤ አሁን ስለ ሰውየው።

ባለ 32 አምፔር ብሬከር ከ32 አምፔር በታች የሆነውን ሁሉ በዝምታ ያሳልፋል። በእርጥብ ገላ አልፎ ልብን ለማስቆም ግን የአንድ አምፔር ጥቂት መቶኛ ይበቃል። ስለዚህ ብሬከር ብቻ ያለው ሻወር ውስጥ ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው ብሬከሩ መያዙንም አያውቅም። ይህን የሚያውቀው በገበያ አር.ሲ.ዲ. ተብሎ የሚጠራው ቆራጭ ነው። ይህ ዕቃ በፌዙ የሄደውንና በኑትራሉ የተመለሰውን ዘወትር ያስተያያል፤ ከ30 ሚሊአምፔር ያልበለጠ እንኳ ሳይመለስ ቢቀር ያ ኤሌክትሪክ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል ወደ መሬት መውረዱ ነውና ከሴኮንድ ሦስት አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይቆርጣል። በብሬከሩና በቆራጩ መካከል ያለው የንቃት ልዩነት ከአንድ ሺህ ዕጥፍ ይበልጣል። በመልክ ግን ሁለቱ ወንድማማች ይመስላሉ፤ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡም ገዥው ቀርቶ አንዳንድ ሻጭ ሳይቀር አንዱ ሌላውን የሚተካ ይመስለዋል። የሚለዩት ቆራጩ «ቴ» የሚል የላቲን ፊደል የተጻፈበት የመሞከሪያ ቁልፍ ስላለው ነው።

የመሬት ሽቦም እንደዚሁ ነው። በብዙ ቤት ሶኬቱ የመሬት ጥርስ አለው፤ ከጥርሱ ጀርባ ግን ሽቦ የለም። ሽቦ ያለበትም ቤት መጨረሻው ከግቢው አፈር ውስጥ በተተከለ ዘንግ ላይ ነው። የዘንጉና የአፈሩ ተቃውሞ 50 ኦም ነው ቢባል፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ ፌዙ አካሉን ቢነካ ወደ መሬት የሚወርደው 220 ለ50 ተካፍሎ 4.4 አምፔር ነው። ለባለ 32 አምፔር ብሬከር ይህ ምንም ስላልሆነ አይወድቅም፤ የማሞቂያው አካልም ኤሌክትሪክ እንደ ያዘ ይቆያል። ለቆራጩ ግን ይህ ከሚፈልገው መቶ ዕጥፍ በላይ ስለሆነ ወዲያው ይቆርጣል። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ተቃውሞው ይብሳል። ዘንግ ያለ ቆራጭ ብዙ እንደማይረዳ ከዚህ ይታያል፤ ቆራጭም ያለ ዘንግ የሚነቃው ሰው ከነካው በኋላ ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ይሸጡ። ድሮ የመሬት ሽቦን ከውሃ ቧንቧ ላይ የማሰር ልማድ ነበር፤ ቧንቧው ብረት በነበረበት ዘመንም ደኅና ልማድ አልነበረም፣ የፕላስቲክ ቧንቧ በተስፋፋበት በዛሬው ጊዜ ግን ሽቦውን ከምንም ጋር አለማገናኘት ማለት ነው።

ለአስመጪው ዋናው የምርጫ ጉዳይ ከዚሁ ይነሣል። የሻወር ማሞቂያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንዱ የማሞቂያው ሽቦ ራቁቱን በውሃው ውስጥ ይቀመጣል፤ በሌላው በብረት ቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ራቁቱ ርካሽ ነው፤ ሲበጠስም በቀላሉ ይለወጣል። ነገር ግን ውሃው ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ በቀጥታ ስለሚነካ ጥቂት ኤሌክትሪክ በውሃው በኩል ወደ መሬት ሽቦው ይሾልካል፤ ይህም እንደ ውሃው ጠባይ አንዳንድ ጊዜ ቆራጩን ለመጣል ይበቃል። ያን ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። ባለቤቱ ይማረራል፤ የሚጠራውም ሠራተኛ ማሞቂያውን በመለወጥ ፈንታ ቆራጩን ነቅሎ ይሄዳል። ስለዚህ ትዕዛዝ ሲጻፍ «የተሸፈነ ማሞቂያ» ብሎ ለይቶ ማዘዝ ይገባል፤ የዋጋው ልዩነት ዕቃ በመመለስና ከደንበኛ ጋር በመከራከር ከሚጠፋው ያነሰ ነው።

ቮልቱም እንደዚሁ ይታይ። ይህ ዓይነት ሻወር እጅግ የተለመደባት አገር ብራዚል ናት፤ በዚያች አገር ግን አንዳንዱ ከተማ በ127 ቮልት፣ አንዳንዱ በ220 ቮልት ስለሚሠራ ፋብሪካዎቹ ለሁለቱም ያመርታሉ። የ127 ቮልቱ በእኛ 220 ላይ ቢተከል ሦስት ዕጥፍ ኃይል ይስብና ወዲያው ይቃጠላል። የብራዚል ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ፣ የእኛ 50 መሆኑ ግን ለተራ ማሞቂያ ሽቦ ምንም አይደለም፤ በዚህ የሚሠጋ አስመጪ ያለ ምክንያት ይሠጋል።

ከደንበኞች የሚመጣው ብዙው አቤቱታ «ውሃው አይሞቅም» የሚል ነው። በዚህም ላይ ሒሳቡን ማወቅ ባለሱቁን ከብዙ ጭቅጭቅ ያድነዋል። ባለ 5,500 ዋቱ በደቂቃ 3 ሊትር የሚወርድ ውሃን በ26 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ በ16 ዲግሪ የገባው በ42 ይወጣል ማለት ነው። የከተማው ሰው ሁሉ መብራትና ምጣድ በሚያበራበት ምሽት ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ፣ ያው ዕቃ የሚሰጠው ወደ 3,700 ዋት ብቻ ነው፤ ውሃውም ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል። ዕቃው አልተበላሸም። ደንበኛው የውሃውን ፍሰት በጥቂቱ ቢቀንስ ይሞቅለታል፤ ይህን ያልነገሩት ደንበኛ ግን ተመልሶ ከዚህ የሚበልጥ ማሞቂያ ይገዛና በዚያው በአሮጌው ሽቦ ላይ ያስተክላል።

ኃይሉ ራሱ በአገር ደረጃ መብዛቱ እውነት ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ያህል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው። ከቆጣሪው ወዲህ በየግድግዳው የተቀበረው ሽቦ ግን በግድቡ መጠን አልወፈረም። ሻወሩ 25፣ ምጣዱ 16 አምፔር በአንድ ሰዓት ቢስቡ 41 ይሆናል፤ ይህን ቆጣሪውና ዋናው ብሬከር መቻላቸውን ሳያጣሩ መስመር መዘርጋት አይገባም። የማይችሉ ከሆነ ወይ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አመልክቶ አቅሙን ማስጨመር፣ ወይ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ገላ አለመታጠብ ነው። ይህ ሁለተኛው መላ በብዙ ቤት ሳይጻፍ የሚሠራበት ደንብ ነው።

ወይም ሌላ ዕቃ መሸጥ። ባለ 50 ሊትር ጋን ያለው ቦይለር 1,500 ዋት ከሆነ የሚስበው 7 አምፔር ያህል ብቻ ነው፤ ደኅና ባለ 2.5 መስመር ይችለዋል። ውሃውን ከ16 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይወስድበታል፤ ዋጋውም ይበልጣል፤ ቆራጩና የመሬት ሽቦውም አይቀሩለትም። ነገር ግን ሽቦውን ማስለወጥ ለማይችል ተከራይ ወይም በጋራ መኖሪያ ሕንጻ ለሚኖር ሰው ከቅጽበታዊው ሻወር ይልቅ ይህ ይስማማዋል። የደንበኛውን ቤት ጠይቆ የሚሸጥ ባለሱቅ ሁለቱንም ዓይነት በመደርደሪያው ቢይዝ አይጎዳም።

ሥራው ራሱ የምስክር ወረቀት ላለው ሠራተኛ የሚተው ነው፤ ቢሆንም ባለሱቁ ቅደም ተከተሉን ቢያውቅ የሚሸጠውን ለማሟላት ይረዳዋል። ዋናው ይጠፋል፤ መጥፋቱም በመለኪያ ይረጋገጣል። ገመዱ በቱቦ ውስጥ አንድ ወጥ ሆኖ ይዘረጋል፤ በመንገድ ላይ ተቀጥሎ በናስትሮ የተጠቀለለ ገመድ በዚህ መስመር ላይ ቦታ የለውም። ፌዙንም ኑትራሉንም አብሮ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ ይደረጋል። ሻወሩ በሶኬትና በመሰኪያ አይገናኝም፤ ተራው መሰኪያ 16 አምፔር ቢችል ነው። ከማሞቂያው ጋር የሚገናኝበት ሞርሴቶ የፕላስቲክ ሳይሆን የሸክላ ይሁን፤ ብሎኖቹም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይጥበቁ፤ መዳብ ከብሎን ሥር እየተላመደ ይላላልና። ከቀለጡት መገናኛዎች ብዙዎቹ የቀለጡት ብሎናቸው ስለላላ ነው።

የገመዱ ጥራት በገበያው ውስጥ ያለ የቆየ ቅሬታ ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ መዳብ የሚሸጥበት፣ ባለ 6 ተብሎ የተጻፈበት ገመድ ሲለካ ባለ 4 የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ማንኛውም ባለሱቅ መሣሪያው አለው፤ ሚዛን። የ100 ሜትር ባለ 6 ነጠላ ገመድ መዳቡ ብቻ ወደ 5.4 ኪሎ ይመዝናል፤ የባለ 2.5ቱ ወደ 2.2 ኪሎ። ጥቅልሉ ከነልባሱ ተመዝኖ ባለ 6ቱ ከ5 ኪሎ በታች ከሆነ ወይ ሜትሩ፣ ወይ ውፍረቱ፣ ወይ መዳቡ ጎድሏል። ጫፉን በቢላዋ መፋቅም ይቻላል፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከታየ አሉሚኒየም ነው። ይህን በመጋዘኑ በር ላይ፣ ከመረከቡ በፊት የሚያደርግ ነጋዴ በኋላ ከአቅራቢው ጋር የሚከራከርበት ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ተቃጥለው ወደ ሱቅ ከሚመለሱት አዳዲስ ማሞቂያዎች ጥቂት የማይባሉት የተቃጠሉት በመጀመሪያው ደቂቃ፣ ውሃ ሳይገባባቸው ኤሌክትሪክ ስለተለቀቀባቸው ነው። ከተተከለ በኋላ በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ እንደ ጠፋ ቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቅና አየሩ ወጥቶ ውሃው ያለ ማቋረጥ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ብሬከሩ ይነሣል፤ የቆራጩም የመሞከሪያ ቁልፍ ይጫናል። ቁልፉ ሲጫን ቆራጩ ካልወደቀ ማንም አይታጠብበት፤ ቆራጩ ተመልሶ ወደ ሱቁ ይምጣ። ይህን በደረሰኙ ጀርባ በሁለት መሥመር አሳትሞ ከሣጥኑ ጋር መስጠት የሚጀምር ባለሱቅ የሚመለስበት ዕቃ ሲቀንስ ያየዋል።